«ፍሬን በጠሰ» ከመባሉ በፊት፦ ባሌስትራ ሲጨመር የሚረሳው ፍሬን

እንጅባራ፦ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ በፈረስ ኮቴ ድምፅ ትሞላለች። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ሲያከብር ከየወረዳው የመጡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይወጣሉ፤ ጉግስ ይጫወታሉ፤ ይሽቀዳደማሉ። ፈረስን የሚያውቅ ሰው ታዲያ ፈረሱን የሚመዝነው በሩጫው ብቻ አይደለም። ወደ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ልጓሙን ይፈትሻል፤ የኮርቻውን ማሰሪያ ያጠብቃል፤ እርካቡን ይጎትታል። ጋላቢው በፈለገበት ቦታ የማይቆም ፈረስ ምንም ያህል ቢፈጥን ለባለቤቱም ለተመልካቹም አደጋ መሆኑን ከአባቶቹ ተምሯል።

በከተማዋ በሚያልፈው የአዲስ አበባ - ባሕር ዳር አውራ ጎዳና ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ ይጓደላል። ድንች፣ ከሰልና እህል የጫኑ አይሱዙዎች፣ ጣሪያቸው ላይ ዕቃ የተከመረባቸው ሚኒባሶች፣ ቁመታቸው ከፍ እንዲል የተደረጉ ትናንሽ የቤት አውቶሞቢሎች በየዕለቱ ይመላለሳሉ። ከእነዚህ መካከል ከፋብሪካ እንደወጡ ያልቀሩ ጥቂት አይደሉም። ጋራዥ ገብተው ተጨማሪ ባሌስትራ ተደርቦላቸዋል፤ ሞላቸው ላይ ብረት ገብቶላቸዋል፤ ጎማቸው በትልቅ ጎማ ተተክቷል። ፍሬናቸው ግን በነበረበት ነው፤ አንዳንዴም ከነበረበት ያነሰ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ክፍተት ነው። ተሽከርካሪው የበለጠ እንዲሸከም ገንዘብ ሲወጣ፣ በልኩ እንዲቆም ለምን አይወጣም? ጉዳዩ ለአሽከርካሪውና ለባለንብረቱ ብቻ የሚተው ነው ወይስ ምርቱን ጭኖ የሚልከው ገበሬና ነጋዴም ድርሻ አለው?

ድንች በክብደት፣ ከሰል በቁመት

በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የምትገኘው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ማዕከል ናት። ወረዳው በዲከረንስ ልማቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ይታወቃል። ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል። አሲዳማነት ባጠቃው መሬት ላይ ይህ ልማት ለብዙ ቤተሰብ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይጓዛል። ከደጋማ ወረዳዎች ደግሞ ድንች ይጫናል። ሁለቱም ምርቶች ከማሳ ወደ ገበያ የሚደርሱት በመኪና ጀርባ ላይ ነው።

ሁለቱ ጭነቶች ግን በተሽከርካሪው ላይ የሚያሳድሩት ጫና የተለያየ ነው። ድንች ከባድ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ድንች ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ስለዚህ የመኪናው ሳጥን ገና ሳይሞላ የተፈቀደው ክብደት ሊያልቅ ይችላል። ዓይን «ገና ቦታ አለ» ይላል፤ ሚዛን ግን «አልፏል» ይላል። ከሰል በአንጻሩ ቀላል ነው፤ በተመሳሳይ ስፋት የድንቹን ግማሽ ያህል እንኳ አይመዝንም። ስለዚህ የሚከመረው ወደ ላይ ነው። ማዳበሪያው ከጋቢናው በላይ ሲቆለል የተሽከርካሪው ክብደት መሐል ከፍ ይላል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ወደ ጎን የመገልበጥ ዕድሉም አብሮ ይጨምራል። በክረምት ደግሞ ሸራ ያልለበሰ ከሰል ዝናብ ስለሚመጥ፣ ሲጫን የነበረው ክብደትና በመንገድ ላይ ያለው ክብደት አንድ አይሆኑም።

በሌላ አነጋገር ድንች ፍሬንን ይፈትናል፤ ከሰል ሚዛንን ይፈትናል። ሁለቱን ፈተናዎች ባሌስትራ በመጨመር ብቻ ማለፍ አይቻልም።

ባሌስትራ የሚጨምረውና የማይጨምረው

የባሌስትራ ሥራ ክብደትን መሸከምና የመንገዱን ንዝረት ማለዘብ ነው። ብረቶቹ ተደራርበው ይታሰራሉ፤ ጭነት ሲበዛ ይዘረጋሉ፤ ጉድጓድ ሲገጥማቸው ይተጣጠፋሉ። ከእነርሱ ጎን የሚታሰረው አሞርዛተር ደግሞ መኪናው ከተናጠ በኋላ እየዘለለ እንዳይቀጥል ያረጋጋዋል። ጎማው አስፋልቱን ሳይለቅ የሚሽከረከረው ሁለቱ ተባብረው ሲሠሩ ነው።

ባለመኪናው አንድ ወይም ሁለት ብረት ሲያስጨምር የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። መኪናው በጭነት አይጎብጥም፤ በገጠር መንገድ ባሌስትራ ቶሎ አይሰበርበትም። ጥርጊያ መንገድ በበዛበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው «ስላልጎበጠ አልከበደውም» ተብሎ ሲታሰብ ነው።

ተሽከርካሪው የሚሸከመው በባሌስትራው ብቻ አይደለም። ክብደቱ በአክሱ፣ በጎማው፣ በሻሲውና በፍሬኑ ላይ ያርፋል። ፋብሪካው በሊብሬው ላይ የሚሰፍረውን የጭነት ልክ ሲወስን የእነዚህን ሁሉ አቅም አንድ ላይ አስቦ ነው። ባሌስትራ ሲጨመር ከእነዚህ መካከል የአንዱ አቅም ብቻ ያድጋል። የፍሬኑ ታምቡር አይሰፋም፤ ሸራው አይወፍርም፤ በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርም አይለወጥም።

ከዚህ የባሰ፣ ብዙም የማይታወቅ ጉዳት አለ። በአንዳንድ ፒክአፕ፣ ሚኒባስና ቀላል ጭነት መኪኖች ላይ የኋላውን ፍሬን ግፊት የሚመጥን መቆጣጠሪያ ከአክሱ ጋር ተያይዞ ይገኛል። መቆጣጠሪያው ጭነት መኖሩን የሚያውቀው መኪናው ወደ ታች ዝቅ ማለቱን በመለካት ነው። ዝቅ ካለ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል፤ ካላለ መኪናውን ባዶ አድርጎ ይቆጥረውና ግፊቱን ይቀንሳል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ባሌስትራ ተጨምሮ መቆጣጠሪያው ካልተስተካከለ፣ ሙሉ ጭነት የያዘው መኪና ለራሱ ፍሬን «ባዶ ነኝ» ብሎ ይዋሻል። የፊቱ ፍሬን የኋላውን ድርሻ ደርቦ ይሠራል፤ ቶሎም ይግላል።

መኪናው ባዶውን ሲመለስም ችግሩ አይቀርም። የጠነከረው ባሌስትራ ያለ ጭነት ስለማይተጣጠፍ የኋላው ጎማ በጠጠር መንገድ ላይ ይዘላል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ምንም ያህል ጥሩ ፍሬን ቢኖረው አያቆምም።

ቁልቁለቱ በጀሪካን ሲለካ

የአዊ መኪኖች የሚጓዙባቸው መንገዶች የፍሬንን ስህተት ይቅር አይሉም። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ቻግኒ ግን 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ጭነት አንድ ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ከፍታ ይወርዳል ማለት ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ደግሞ ደጀንን ሲያልፍ ከዓባይ በረሃ ይገባል። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 ሺህ 300 ሜትር ያላነሰ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ባዶው 40 ኩንታል የሚመዝንና 50 ኩንታል እንዲጭን የተፈቀደለትን መኪና ለምሳሌ እንውሰድ። ጠቅላላ ክብደቱ 90 ኩንታል ወይም 9 ሺህ ኪሎ ግራም ነው። ይህ መኪና 1 ሺህ 300 ሜትር ቁልቁል ወርዶ ሲቆም የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ በ17 ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች የተቀዳን ቀዝቃዛ ውኃ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። በዚያው መኪና ላይ 20 ኩንታል ቢታከል የጀሪካኖቹ ቁጥር ወደ 21 ያድጋል። ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ይካፈሉታል። አሽከርካሪው በሞተሩ ካልተጠቀመ ግን አብዛኛው የሚያርፈው በፍሬኑ ብረትና ሸራ ላይ ነው።

ፍጥነት ሲጨመርበት ስሌቱ የበለጠ ይከፋል። ክብደት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይጓዝ የነበረ መኪና 60 ሲገባ ፍሬኑ ከእጥፍ በላይ ሥራ ይጠብቀዋል። ከባድ ጭነትና ፍጥነት በአንድ ቁልቁለት ላይ ሲገናኙ አደጋው የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነው።

የሚበጠሰው ምንድን ነው?

የአደጋ ዜና ሲነገር «ፍሬን በጥሶ ተገለበጠ» የሚለው ሐረግ ጆሯችንን ለምዶታል። ቃሉ አንድ ነገር በድንገት፣ ማንም ሳያውቀው እንደተቆረጠ ያስመስለዋል። በእርግጥ ቱቦ የሚፈነዳበት፣ ዘይት የሚፈስበት ጊዜ አለ። በረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚከሰተው መበጠስ አይደለም፤ መጋል ነው።

የጋለ ፍሬን በሦስት መንገድ ይከዳል። አንደኛ፣ ሸራው ከልኩ በላይ ሲሞቅ ብረቱን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ታምቡሩ በሙቀት ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ አሽከርካሪው ፔዳሉን ይበልጥ መርገጥ ይኖርበታል። ሦስተኛው በዘይት ፍሬን ላይ የሚደርሰው ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። በዓለም አቀፍ መለኪያ «ዶት 3» የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከያዘ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 140 ነው። «ዶት 4» በተመሳሳይ ሁኔታ 230 እና 155 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ዘይት ግፊት አያስተላልፍም፤ ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናው ግን አይቆምም። መኪናው ቀዝቅዞ ሲመረመር ፍሬኑ ተመልሶ ሊይዝ ስለሚችል፣ የአደጋው መንስኤ ምስጢር ይመስላል።

በነፋስ ፍሬን የሚሠሩ ትላልቅ መኪኖች የሚፈላ ዘይት የላቸውም፤ የሸራው መጋልና የታምቡሩ መስፋት ግን አይቀርላቸውም። ቁልቁል ሲወርዱ ፔዳሉን ደጋግሞ መምታት ደግሞ በበርሜሉ የተጠራቀመውን ነፋስ ያሟጥጠዋል።

ስለዚህ «በጠሰ» የምንለው አደጋ ብዙውን ጊዜ ድንገተኛ አይደለም። ባሌስትራ ሲጨመር፣ የፍሬን ዘይት ለዓመታት ሳይቀየር ሲቀር፣ ከልክ በላይ ሲጫን፣ በቀላል ማርሽ ቁልቁል ሲወረድ፣ ደረጃ በደረጃ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ማስቀረት ይቻል ነበር።

ለፍጥነት የሚዘጋጁት ምን ያስቀድማሉ?

ከእኛ መንገድ እጅግ የራቀ የሚመስል ዓለም እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጠናል። በአውሮፓና በእስያ ትንንሽ ፈጣን አውቶሞቢሎችን እየገዙ፣ በክፍያ ለሕዝብ ክፍት በሚሆኑ የውድድር ሜዳዎች ላይ የሚነዱ ሰዎች አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 የተከፈተውና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ከእነዚህ ሜዳዎች እጅግ የታወቀው ነው። በከተሞቻችን በብዛት የምናየው ቪትዝ እንኳ በዚህ ዓለም ዘመድ አለው፤ ቪትዝ በሌላው ዓለም የሚሸጥበት ያሪስ የሚለው ስም ጂአር ያሪስ የተባለ ፈጣን መኪና ወልዷል።

እነዚህ ባለመኪኖች ለሜዳ ሲዘጋጁ ብልሆቹ የሚጀምሩት ከሞተሩ አይደለም። በቅድሚያ የፍሬን ዘይቱን በአዲስና ከፍ ያለ ሙቀት በሚችል ይቀይራሉ። ቀጥለው ሙቀት የሚችል ሸራ ያስገባሉ፤ የጎማውን ጤንነት ይፈትሻሉ። ሞላውንና አሞርዛተሩን ሲቀይሩ ዓላማቸው መኪናውን ከፍ ማድረግ ሳይሆን ጎማው መሬት እንዳይለቅ ማድረግ ነው፤ ብዙ ጊዜም መኪናው ከነበረበት ዝቅ ይላል። በሜዳው ላይ ፍሬኑ መጋሉ ከተሰማቸው ፍጥነት ቀንሰው እየነዱ ያበርዱታል። በዝግ ሜዳ፣ ጭነት ሳይኖር፣ የራስ ቁር ደፍተው የሚነዱ ሰዎች ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ሕፃናት በሚሻገሩበትና ጋሪ በሚሄድበት ጎዳና ላይ ኩንታሎችን ጭኖ የሚወርድ መኪና ምን ያህል ጥንቃቄ ይገባው ይሆን?

በእኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል። የቪትዝ ባለቤት ለጉድጓድና ለፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ብሎ በሞላው ላይ ብረት ወይም ላስቲክ አስገብቶ መኪናውን ያስነሣል። ምክንያቱ ይገባል፤ ሆዱ መሬት የሚነካ መኪና በኮብልና በጥርጊያ መንገድ አይበረክትም። ነገር ግን ከፍ ያለ መኪና በኩርባ ላይ ይበልጥ ያዘነብላል፤ ወደ ጎማው የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ሊወጠር ይችላል፤ የጎማው አቅጣጫ ካልተስተካከለ ጎማው በአንድ ጎኑ ያልቃል። ትልቅ ጎማ ከተገጠመ ደግሞ ፍሬኑ ለማቆም የበለጠ ኃይል ይፈልጋል፤ የፍጥነት መለኪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። መኪናውን ያስነሣ ሰው በዚያው ቀን ቱቦውንና ሸራውን ማስፈተሽ፣ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከልና ኩርባ ላይ ፍጥነቱን መቀነስ ይገባዋል።

ውድ መለዋወጫ፣ ረጅም ዕድሜ

«ለምን ፍሬኑን በወቅቱ አታስቀይርም?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ነው። ይህ መልስ ሰበብ ብቻ ተብሎ የሚጣል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አገሪቱ በገበያ ወደሚመራ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ስትገባ ከ58 ብር በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ አሞርዛተርና ጎማ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ይህ ለውጥ በጋራዥ ደጃፍ ላይ ተሰምቷል።

በሌላ በኩል ተሽከርካሪዎቹ ረጅም ዕድሜ እንዲያገለግሉ ይገደዳሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የእነዚህ ውሳኔዎች ዓላማ የራሱ ክርክር ያለው ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ውጤታቸው ነው፤ አሁን በእጃችን ያሉት መኪኖች ለብዙ ዓመታት አብረውን ይኖራሉ። የሚያረጅ መኪና ደግሞ ከአዲሱ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ጥገና ይፈልጋል።

የዋጋው ክርክር የሚዘነጋው አንድ ነገር ግን አለ። ከፍሬን ጥገና ሁሉ ርካሹ የፍሬን ዘይት መቀየር ነው። ከዘይቱም የሚረክሰው፣ ምንም ገንዘብ የማያስወጣው፣ ቁልቁለቱን ከመጀመር በፊት ማርሽ መቀነስ ነው። ጸሐፊው በግብርና ኮሌጅ ሳለ ስለ እርሻ መሣሪያዎች ከተማራቸው ነገሮች መካከል ያልረሳው አንድ ሕግ አለ፤ ተጎታች የያዘ ትራክተር ቁልቁለት ላይ ማርሽ አይቀይርም፤ ከባዱን ማርሽ ከአፋፉ ላይ ሳለ ያስገባል። ይህ ሕግ ለአይሱዙም ለሚኒባስም ይሠራል። ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ማርሽ ቁልቁለቱን ለመውረድም ተገቢው ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በነጻ መውረድ ግን የመኪናውን ክብደት ሁሉ በፍሬኑ ላይ መጣል ነው።

ሕጉ የሚያየውና የማያየው

በኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች ስለሚመዘገቡበትና ስለሚመረመሩበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ያዛል። ምርመራው አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ወሰን አለው። መኪናው የሚታየው በዓመት አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜም ባዶውን ነው። በቀሪዎቹ ቀናት የሚሠራው ጭኖ ነው። ባዶውን በደንብ የያዘ ፍሬን በ70 ኩንታል ከዓባይ አፋፍ ሲወርድ ምን እንደሚሆን የቦሎ ወረቀት አይነግረንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ከእነዚህ ሞቶች 92 በመቶው የሚደርሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በእነዚህ አገሮች የሚገኘው የዓለም ተሽከርካሪ ድርሻ ግን ከዚህ ቁጥር በእጅጉ ያነሰ ነው። ልዩነቱ የመኪና ብዛት አለመሆኑን ይህ ያሳያል። መንገዱ፣ ጥገናው፣ ጭነቱ፣ ቁጥጥሩና የአደጋ ሕክምናው ተደማምረው የሚያመጡት ነው።

ከማሳው ዳር የሚጀምር ኃላፊነት

ጭነቱን ማን ይወስናል? በወረቀት ላይ ሊብሬው ይወስናል። በተግባር ግን ውሳኔው የሚደረገው ከማሳው ዳር፣ ድንቹ በማዳበሪያ ተሞልቶ በተደረደረበት ሰዓት ነው። ኪራዩ በኩንታል ሲታሰብ ባለመኪናው ብዙ መጫን ይፈልጋል፤ ነጋዴው በአንድ ጉዞ መጨረስ ይፈልጋል፤ ደላላው ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል። ገበሬውም ድንቹ ፀሐይ ላይ እንዳይውልበት «ይችንም ጨምሩልኝ» ይላል። አሽከርካሪው በዚህ ሁሉ መሐል እምቢ ለማለት አቅም ያንሰዋል። አደጋው ሲደርስ ግን ስሙ የሚነሣው የእርሱ ብቻ ነው።

የገበሬው ፍላጎት ከእውነተኛ ችግር የመነጨ ነው። ማከማቻ የሌለው ድንች አይጠብቅም። ስለሆነም መፍትሔው ገበሬውን በመውቀስ አይገኝም፤ ስሌቱን በማሳየት እንጂ። ተጨማሪ 20 ኩንታል በአንድ ጉዞ የሚያስገኘው የኪራይ ቁጠባ ይታወቃል። መኪናው ቢገለበጥ ግን የሚጠፋው 20 ኩንታሉ ብቻ አይደለም፤ 70 ኩንታሉ ሁሉ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ለተጎዳ ሌላ ሰው እንጂ ለተጫነው ምርት የቆመ አይደለም። በጭነቱ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ካሉ ደግሞ ኪሳራው በብር የሚቆጠር አይሆንም።

በእጃችን ያሉ እርምጃዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ምርት የሚያስጭን ሰው ወይም ማኅበር ከመጫኑ በፊት ሊብሬውን አይቶ የተፈቀደውን ኩንታል ማወቁ ነው። ይህ የፖሊስ ሥልጣን አይጠይቅም፤ ዕቃውን የሚሰጥ ሰው የመጠየቅ መብት አለው። በብዛት የሚልኩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የጭነት ልኩን በኪራይ ውላቸው ውስጥ ቢያስገቡት ሕጉ ደጃፋቸው ላይ ይሠራል።

ሁለተኛው የጋራዥ ባለሙያው ድርሻ ነው። ባሌስትራ ለመጨመር የመጣን መኪና ሸራውንና ታምቡሩን ሳያይ፣ የኋላ ፍሬን መቆጣጠሪያ ካለው ሳያስተካክል መልቀቅ የለበትም። ከጭስ ማውጫው ጋር የሚሠራ የሞተር ፍሬን ያላቸው መኪኖችም ይህ መሣሪያ መሥራቱ ሊፈተሽ ይገባል፤ በቁልቁለት ላይ ከሁሉ የሚረዳው እርሱ ነውና።

ሦስተኛው የአሽከርካሪው ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መቆም፣ ጎማዎቹን ዞሮ ማየት፣ ማርሽ መቀነስ፣ ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከመርገጥ ይልቅ በመጠኑ ይዞ መልቀቅ። የሸራ መቃጠል ሽታ ሲመጣ ወይም ፔዳሉ ሲላላ፣ ፍሬኑ ገና በመያዝ ላይ ሳለ ቦታ ፈልጎ ቆሞ ማብረድ። በጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ጊዜ መስጠት ይሻላል።

አራተኛው የተቆጣጣሪ አካላት ነው። ምርት በብዛት በሚጫንባቸው የገበያ ቀናት፣ ከመጫኛ ቦታዎቹ መውጫ ላይ ጭነትንና ፍሬንን አንድ ላይ ማየት ከአደጋ በኋላ ከሚደረግ ምርመራ የበለጠ ሕይወት ያተርፋል። ይህ ሲደረግ ግን ቅጣቱ በአሽከርካሪው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ፣ ከልክ በላይ ያስጫነውም ተጠያቂ ሊሆን ይገባል።

በአዊ ምድር ፈረስ የሚያሳድግ ሰው ልጁን ሲያስተምር ከሩጫ በፊት ልጓም አያያዝን ያሳየዋል። ዛሬ ያው ልጅ አይሱዙ ወይም ሚኒባስ ይነዳ ይሆናል፤ አባቱ ደግሞ ድንቹን በዚያው መኪና ላይ ያስጭናል። ባሌስትራ ለማስጨመር ገንዘብ የመደበ ባለመኪና ከዚያው ገንዘብ ላይ አስቀድሞ ለፍሬኑ ያውጣ። ምርቱን የሚሰጠው ገበሬም ከመጫኑ በፊት አንድ ጥያቄ ያንሣ፤ ይህ መኪና ስንት ኩንታል ይጭናል ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ኩንታል ይዞ ቁልቁለት ላይ መቆም ይችላል?